የትኛውን ዶሜይን ላድስ፣ የትኛውን ልልቀቅ? ለሽያጭ ስም ከሚያስቀምጥ ሰው

በቀን ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ነኝ። ሜሪላንድ ውስጥ የሀገሬ ልጆች የከፈቷቸውን ምግብ ቤቶችና ሱቆች ሒሳብ እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የዶሜይን ስም፣ ማለትም በዶት ኮምና በመሳሰሉት የሚያልቅ የድረ ገጽ አድራሻ፣ እሸጣለሁ፤ አስቀምጣለሁ ብል ይሻላል መሰለኝ፣ የዚህ ንግድ አብዛኛው ጊዜ ጥበቃ ነውና። ስለ ሥራው ሊጠይቁኝ የሚመጡ ወጣቶች ሁሌም የሚያነሡልኝ አንድ ዜና አለ፦ ቮይስ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። አዎ፣ ተሸጧል። ሻጩ ግን ማይክሮስትራቴጂ የተባለው ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ነበር፤ ገዢው ብሎክ ዋን ደግሞ ቀደም ብሎ ከሕዝብ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሰበሰበ ድርጅት ነው። ያ ዜና የእኔንም ሆነ የእነርሱን ስም ዋጋ አይነግረንም። እኔ የምጽፈው በሺህና በሁለት ሺህ ዶላር ስለሚሸጡት፣ ይልቁንም ጨርሶ ስለማይሸጡት ብዙዎቹ ስሞች ነው።

ስም መግዛት ርካሽ ነው፤ ኪስ የሚጎዳው ማቆየቱ ነው። በዶት ኮም የሚያበቁትን ስሞች ሁሉ የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ስሙን ለእኛ የሚሸጡልንን መዝጋቢ ድርጅቶች የሚያስከፍለው የዓመት ዋጋ እ.ኤ.አ. እስከ ኦገስት 2021 ድረስ 7.85 ዶላር ነበር። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ 10.26 ገብቷል። መዝጋቢው የራሱን ሲጨምርበት እንደየቤቱ ከ11 ዶላር አካባቢ እስከ ሃያዎቹ ይደርሳል። በ11 ዶላር ሒሳብ 100 ስም በዓመት 1,100 ዶላር ይበላል ማለት ነው። በሥራው የቆዩ ሰዎች ደጋግመው የሚናገሩት ግምት ከ100 ስም በዓመት የሚሸጠው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው የሚል ነው፤ የእኔም መዝገብ ከዚያ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ አንዷ ስም በ900 ዶላር ብትሸጥና አሻሻጩ 15 በመቶ ቢቆርጥ በእጄ የሚገባው 765 ዶላር ነው። እርሷ ተሸጣም ዓመቱ በኪሳራ ይዘጋል። እኔ ትርፍ ያየሁት የማይሸጡትን የዓመት ክፍያቸውን ሳልከፍል ቶሎ ቶሎ መልቀቅ ከጀመርኩ ወዲህ ነው።

አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ልጁ ስሞቹን የሚያድሰው በእኔ ካርድ ነው፤ ገንዘቡን እዚያው በብር ለእህቴ፣ ማለትም ለገዛ እናቱ ይከፍልልኛል። በዚያ ክረምት ደወለና «ጋሼ፣ ስሙም ያው፣ ዓመቱም ያው፣ ዋጋው ግን እጥፍ ሆነብኝ» አለኝ። «እንግዲያው ግማሹን ልቀቅ» አልኩት። ሳቀ፤ ግን ለቀቀ።

የትኛውን ግማሽ? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ስሙ ያምራል ወይ፣ አጭር ነው ወይ እያለ ይመዝናል። ውበት አይጠላም፤ የሚከፍለው ግን ገዢ ነው። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉ፣ ገንዘብ የሚያገኙ፣ የእኔን ስም ስላላገኙ የከፋውን ይዘው የሚንገላቱ ድርጅቶች ስንት ናቸው? የከፋውን ስል ያንኑ ስም መሐሉ ላይ ጭረት (-) አስገብቶ፣ ወይም ጫፉ ላይ «ኢትዮጵያ» ወይም «ግሩፕ» ጨምሮ፣ ወይም በዶት ኔት፣ ወይም ደግሞ የሚያምር ቢሮ ከፍቶ በቢዝነስ ካርዱ ላይ የጂሜይል አድራሻ የሚያትመውን ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ከሌለ ስሙን እለቃለሁ። አንድ ብቻ ካለ ብዙ ጊዜ እለቃለሁ፤ ያ አንድ ሰው አልፈልግም ካለ የምሄድበት የለኝም፣ ስሙ የእርሱ ብቻ ከሆነም ጣጣ አለው፣ እመለስበታለሁ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ አድሳለሁ፣ ጠያቂ ቢጠፋም አድሳለሁ።

አንዱን ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ከሰሜን ተራሮች ስምና ከአንድ የጉዞ ቃል የተሠራ ዶት ኮም ነበረኝ። የጉዞውን ቃል አልጽፈውም፣ አሁን የሰው ንብረት ነው። ሰሜን በላቲን ፊደል በየዓይነቱ ይጻፋል። የእኔ «ኤስ፣ አይ፣ ኤም፣ አይ፣ ኢ፣ ኤን» የሚለው ነበር። እኛ ስናነበው ጠማማ ይመስላል፤ ነገር ግን ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በዚህ አጻጻፍ ነው፤ ተራራ ሊወጣ የሚመጣው ፈረንጅም የሚፈልገው በዚሁ ነው። ስሙን ጽፎ የሚፈልገው ጎብኚው እንጂ እኛ ስላልሆንን ለእኛ ጆሮ የሚስማማውን ሌላውን አጻጻፍ ሳላድስ ተውኩት። ስፈልግ ደግሞ ያንኑ ስም በጭረት፣ በጭራ ወይም በዶት ኔት የያዙ አራት አስጎብኚ ድርጅቶች አገኘሁ። የኮሮናና የጦርነቱ ዓመታት ሲመጡ ጎብኚ ተመናመነ፣ ስለ ስሙም የሚጠይቀኝ ጠፋ። ያም ሆኖ በየዓመቱ እያጣራሁ አደስኩት፤ አራቱም ድርጅቶች ድረ ገጻቸውን እየከፈሉ አቆይተውት ነበርና። በክፉ ቀን ለድረ ገጹ የሚከፍል ሰው ነገ ለስም ይከፍላል።

የደወሉልኝ ከአራቱ የአንዱ ባለቤት የሆኑ ትልቅ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ይህን ስም ምን ትሠራበታለህ? ባዶውን እኮ ነው የተቀመጠው» አሉኝ።

«ለእርስዎ ነው ያስቀመጥኩት፣ እትዬ።»

«እንኳን አስቀመጥክልኝ። ታዲያ ለሀገር ልጅ ስንት ነው?»

2,400 ዶላር አልኳቸው። «ለሀገር ልጅ ነው ያልኩህ፣ ለጀርመን መቼ አልኩህ?» አሉ። ዋጋውን ትተን ስለ ሥራቸው ተጨዋወትን። እንግዶቻቸው ኢሜይል ሲልኩ ጭረቷን ይረሷታል፤ ደብዳቤው «አልደረሰም» ተብሎ ይመለስባቸዋል፣ ግማሾቹም ተናደው ሌላ አስጎብኚ ይይዛሉ። ይህን ሲነግሩኝ ስሙ እንደሚሸጥ ዐወቅሁ፤ የአንድ ቡድን ጉዞ ብቻ ቢያመልጣቸው ከጠየቅኩት በላይ ያጣሉ። በ1,800 ተስማማን። ከአዲስ አበባ ዶላር ማውጣት ሌላ ጣጣ ስለሆነ ዳላስ ያለው ልጃቸው ገንዘቡን በአደራ በሚይዝ ድርጅት በኩል ከፈለ፤ ገንዘቡ አደራ መግባቱ ሲረጋገጥ የማዛወሪያ ኮዱን ሰጠሁት፣ ስሙ በእጁ ሲገባ ገንዘቡ ለእኔ ተለቀቀ። ከማያውቁት ሰው ጋር፣ የሀገር ልጅም ቢሆን፣ ሌላ መንገድ አልመክርም።

በአማርኛ ቃል የተሠሩ ስሞች ለእኛ ለሐበሾች ፈተናቸው የፊደል ነው። «ቡና» በላቲን ሲጻፍ ብዙ ሰው አይሳሳተውም፤ አራት ፊደል ነው፣ አለቀ። «ቅመም» ግን ቀው በኪው ይሁን በኬ? «እንጀራ»ስ በአይ ይጀምራል በኢ? ስለዚህ የሚታደስበት ጊዜ የደረሰ የአማርኛ ስም ሲኖረኝ ለዘመዶቼ በድምፅ እልክላቸውና «ይህን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉልኝ» እላለሁ። አዲስ አበባ ያሉት «ቀ»ን በኪው ይጽፉታል፤ እዚህ የተወለዱት ልጆች በኬ፤ እስራኤል ያደገችው የአክስቴ ልጅ «ጸ»ን በቲና በዜድ ትጽፈዋለች፣ የዕብራይስጡ ልማድ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ከጻፉልኝ ስሙ ዋጋ አለው። ሁለት ዓይነት ከጻፉ ሁለቱም በእጄ ካሉ ብቻ አቆየዋለሁ። ከዚያ በላይ ከተለያየ ቃሉ የቱንም ያህል ቢጥመኝ እለቀዋለሁ፤ ገዢው በሬዲዮ ማስታወቂያ ሲያስነግረው አድማጩ ሌላ ቤት ይገባልና።

«በራሳችን ፊደልስ?» ይሉኛል። በግዕዝ ፊደል ዶት ኮም መመዝገብ ይቻላል፤ ከውስጥ ሲታይ ግን በኤክስ ኤንና በሁለት ጭረት የሚጀምር የላቲን ፊደላት ድርድር ሆኖ ይቀመጣል፣ አንዳንድ ፕሮግራምም ያንኑ አስቀያሚ ድርድር ያሳያል። ያ ባይሆንም እንኳ «ፀሐይ»ን አስቡት። በፀ ወይም በጸ፣ ቀጥሎ በሐ፣ በሀ ወይም በኀ፤ ለአንባቢ አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ስድስት የተለያዩ ስሞች። ስድስቱንም የሚገዛኝ ሰው እስካሁን አላየሁም። ለፍቅር ሲባል የያዝኳቸው ጥቂቶች አሉኝ፤ በሒሳብ መዝገቤ ላይ የተጻፉት ግን በወጪ ስር ነው።

አሁን እመለስበታለሁ ወዳልኩት ጣጣ፣ ስሙ የአንድ ድርጅት ብቻ ሲሆን ወደሚመጣው። የሰው የንግድ ምልክት ያለበትን ስም ነገ ይሸጥልኛል ብሎ ማደስ የራስን መክሰሻ ማስረጃ በየዓመቱ እየከፈሉ ማቆየት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የክርክር ሥርዓት አለ፤ ባለምልክቱ ሦስት ነገር ካስረዳ ስሙ ይወሰድለታል፦ ስሙ ከምልክቱ ጋር አንድ ወይም አሳሳች መሆኑን፣ ያዡ በስሙ ላይ ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለው፣ በክፉ ልቡናም አስመዝግቦ እንደተጠቀመበት። ጄኔቫ በሚገኘው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል ሲቀርብ አንድ ዳኛ ለሚያየው፣ እስከ አምስት ስም ለሚይዝ አቤቱታ ክፍያው 1,500 ዶላር ነው፤ ለትልቅ ኩባንያ ይህ ምንም አይደለም። የአሜሪካው ሕግ ደግሞ ባሰ፤ ፍርድ ቤት በአንድ ስም ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ካሳ ሊወስን ይችላል። የእኛ ሰዎች ይህን የጎግልና የአማዞን ጉዳይ ብቻ ያደርጉታል። አይደለም። መንግሥታችን ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 አመልክቶ፣ ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ በ2007 ተስማምቷል። አንድ ሰው ይርጋጨፌ ያለበትን ስም ከሌሎች ጋር ጠቅልሎ በርካሽ ሊሸጥልኝ ሲመጣ ያንን አውጣና ሌሎቹን እንነጋገር አልኩት። «ብር» በሚል ቃል የሚያልቁ የገንዘብ አገልግሎት ስሞችንም እንዲሁ በጥንቃቄ እለያለሁ፤ ቃሉ የሁላችንም ነው፣ ከፊቱ «ቴሌ» ከገባ ግን ባለቤት አለው።

የገዢውን ኪስና ልማድ ማወቅም ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራው የሞቀለት፣ ነገር ግን ደንበኛው ሁሉ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚመጣለት ልብስ ነጋዴ ዶሜይን አይገዛም፤ አያስፈልገውማ። የውበት ሳሎን፣ የሠርግ አዳራሽ፣ የሰፈር ምግብ ቤት እንደዚያው። ስለዚህ በእነዚህ ዘርፎች ያሉኝን የሀገር ቤት ስሞች ከሞላ ጎደል ለቅቄያለሁ። የሚገዛው ደንበኛው ሩቅ የሆነ ነው፦ አስጎብኚ፣ ቡና ላኪ፣ ለዳያስፖራ ቤት የሚሸጥ አልሚ፣ ሆቴል፣ ገንዘብ አስተላላፊ። በውጭ ካለው ወገናችን ደግሞ ጠበቃው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ቤት አሻሻጩ፤ እነዚህ ከሌላው አሜሪካዊ ጋር ስለሚወዳደሩ ያለ ድረ ገጽ አይሠሩም። በአንድ ከተማ ስምና በሙያ የተሠራ ተራ የእንግሊዝኛ ስም ከብዙ ቅኔያዊ ስም ይልቅ ቶሎ ሲሸጥልኝ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ስሙ መጨረሻ ብዙ አልልም። እኔ ዶት ኮም ላይ እቆያለሁ። አዳዲሶቹ ማለቂያዎች የመጀመሪያውን ዓመት በአንድና በሁለት ዶላር ይሰጡና በሁለተኛው ዓመት 30 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፤ የሚታደስበትን ዋጋ ሳያዩ መግዛት አይገባም። የአንጉዪላ ደሴት የሆነው ዶት ኤአይ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ምክንያት ተፈላጊ ነው፣ ነገር ግን በትንሹ የሁለት ዓመት ስለሚያስከፍል ገዢዬን በስም ካላወቅኩ አልነካውም። በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደረው ዶት ኢቲ ለሚሠሩበት ሰዎች ጥሩ ነው፤ ለእኔ ለአትራፊው ግን አይመችም።

ሐሰተኛ ተስፋ ከሚሰጡ ነገሮች አንደኛው በኮምፒውተር የሚሠራው የዋጋ ግምት ነው። ስሙን ስታስገቡ «3,200 ዶላር» ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ የቃሉን ርዝመትና ተመሳሳይ ሽያጮችን ያያል፤ «ቅመም»ን የሚገዛ ሰው ይኑር አይኑር ከየት ያውቃል? እውነተኛ ሽያጭ ማየት የሚፈልግ እንደ ኔምባዮ ያሉ ይፋ የሆኑ ሽያጮችን የሚመዘግቡ ድረ ገጾችን ይመልከት። እዚያም ተመሳሳይ የተባለው ስም በእርግጥ ተመሳሳይ መሆኑን ያጣራ፤ በእንግሊዝኛ የሚሸጥ ቃል በአማርኛ ይሸጣል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ይህን የመሰለው ደብዳቤ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ፤ ስምዎን በ9,500 ዶላር እንገዛለን፤ ደንበኛችን ግን የዋጋ ምስክር ወረቀት ይፈልጋል።» ወረቀቱን ከየትኛው ድርጅት እንደምታወጡ ራሱ ይጠቁማችኋል፤ ዋጋው አንድ መቶ ወይም ሁለት መቶ ዶላር ነው። ስትከፍሉ ገዢው ይሰወራል፤ ምስክር ወረቀት ሰጪውም እርሱው ነው። ሌላው ዓይነት ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣ ነው፣ «አንድ ኩባንያ ስምዎን በቻይና ማለቂያ ሊያስመዘግብ ነው፣ ካልቀደሙት» ይላል። ለሁለቱም አልመልስም። የእነዚህ ክፋታቸው መቶ ዶላሩ ብቻ አይደለም፤ የሞተውን ስም ፈላጊ ያለው አስመስለው ለሦስት ዓመት ያሳድሱታል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። የጎብኚ ቁጥርም እንደዚሁ ያታልላል፤ በባዶ ስም ላይ የሚመጣው አብዛኛው ጎብኚ ሰው ሳይሆን ከድረ ገጽ ድረ ገጽ የሚዞር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።

ከሌላ ሰው የተለቀቀ ስም ከሆነ ከማደሴ በፊት ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የድረ ገጽ መዝገብ ቤት ያስቀመጣቸውን የቀድሞ ገጾች አያለሁ። ቁማር ሲያጫውት ወይም ቆሻሻ ኢሜይል ሲልክ የኖረ ስም ኢሜይሉ ለረጅም ጊዜ ከሰው ሳጥን ሊታገድ ይችላል፤ ይህን ለገዢ አላስረክብም።

እንዴት እንደምለቅ ልናገርና ላብቃ። በየወሩ መጀመሪያ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት የሚያበቁትን ስሞች አወጣለሁ። ለእያንዳንዱ ከላይ ያልኩትን ፍለጋ አደርጋለሁ፤ ዘንድሮ ያገኘሁትን የድርጅት ብዛት ከአምናው ጎን እጽፋለሁ። ቀንሶ ከሦስት በታች ከወረደ ይወጣል። ከሚወጡት ውስጥ አንድም ቢሆን ሊጠቀምበት የሚችል ድርጅት ላላቸው፣ ምልክት የማይነካ ተራ ቃል ከሆነ ብቻ፣ አጭር ደብዳቤ እልካለሁ፦ ስሙ በእጄ አለ፣ በ150 ዶላር እሰጣለሁ፣ ካልፈለጉ በዚህ ቀን ይለቀቃል። ማስፈራራት የለም፣ ሁለተኛ ደብዳቤም የለም። አብዛኛው አይመልስም፤ የሚመልሰው ግን የብዙ ስሞችን ማደሻ ይሸፍናል። ገዢ ሊመጣ ይችላል ብላችሁ የምታስቡትን ስም በዚያ ሰሞን ከመዝጋቢ ወደ መዝጋቢ አታዛውሩ፤ ከዝውውር በኋላ ለ60 ቀን ሊቆለፍ ይችላል።

ቀኑ ካለፈም ሁሉ ነገር ወዲያው አይጠፋም። በዶት ኮም መዝጋቢው እንደፈቀደው እስከ 45 ቀን ድረስ በመደበኛው ዋጋ ማደስ ይቻላል፤ ከዚያ 30 ቀን የመቤዠት፣ ማለትም ስሙን በቅጣት የማስመለሻ፣ ጊዜ አለ፣ በዚህ ጊዜ ግን ቅጣቱ ብዙ ጊዜ ከ80 ዶላር ያልፋል፤ ከዚያም 5 ቀን ቆይቶ ስሙ ለማንም ክፍት ይሆናል። ይህን ትርፍ ጊዜ ለማመንታት አልጠቀምበትም፤ አንዳንድ መዝጋቢ ቀኑ ባለፈ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ስሙን ለጨረታ ያወጣዋል። በራሱ እንዲታደስ የተደረገውን ማዘዣ ደግሞ ከማብቂያው ቀን ከአንድ ወር ቀደም ብላችሁ አጥፉት፤ ቀኑ ሳይደርስ ከካርዱ የሚቆርጡ አሉ፣ የተቆረጠ ገንዘብ ለማስመለስ የምትደውሉበት ሰዓት ከማደሻው ዋጋ ይበልጣል።